እናቴ ጓዳ የገባች ሚዛን

«ይችን ነገር ከእህሉ ፊት አንሺልኝ።»

እናቴ ይህን ያለችኝ ጥር 21 ማታ ነው፤ መንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ትንሽ ወጣ ብሎ ባለው ቤታችን፣ የአስተርዮ ማርያም እንግዳ ከተሸኘ በኋላ። «ይች ነገር» ያለቻት ከደብረ ብርሃን በነጠላ ጠቅልዬ የወሰድኳት፣ መዳፍ የምታህል የወጥ ቤት ሚዛን ናት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር አልፏል። ንግግሯ ግን አልለቀቀኝም። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ፣ ሽሮ ሳማስል፣ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ይመጣብኛል። በዚህ ዓመት ስለምበላው ነገር ብዙ ሰው ብዙ ብሎኛል፤ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። የእሷን ነው መርሳት ያቃተኝ።

ቆጠራው እንዴት እንደጀመረ

በሁለተኛው እርግዝናዬ ስኳሬ ከፍ ብሎ ነበር። ልጄ በሰላም ተወለደ፣ ስኳሩም ወረደ። ግን እንዲህ ያጋጠማት ሴት ውሎ አድሮ በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድሏ ከሌላዋ ከፍ ያለ ስለሆነ በየጊዜው ተመርመሪ ተባልኩ። ባለፈው ሰኔ በባዶ ሆዴ ስመረመር 117 ወጣ። ከ100 በታች ቢሆን ደህና ነው፤ 126 ደርሶ ሲደገምም ካልወረደ በሽታው ነው። እኔ መሃል ላይ ነበርኩ። ክብደቴ 84 ኪሎ ነበር። ነርሷ «ገና ነሽ፣ ከአሁኑ ብትቀንሺ ሊመለስ ይችላል» አለችኝ፤ እኔም ካሎሪ መቁጠር ጀመርኩ።

የማስተምረው ፊዚክስ ነው። ካሎሪ ማለት አንድ ግራም ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃ ሙቀት ነው፣ ወደ ጁል ሲቀየር 4.2 ገደማ ይሆናል እያልኩ ለስንት ዓመት ተማሪ አስጽፌአለሁ። ምግብ ላይ የሚነገረው የዚያ ሺህ እጥፍ፣ ኪሎ ካሎሪው ነው። ፕሮቲኑም ስታርቹም በግራም 4፣ ቅባቱ 9 ይሰጣል። ስልኬ ላይ የጫንኩት መተግበሪያ ግን የእኛን እንጀራ አያውቀውም፤ አንዱ ጋ ትንሽ፣ ሌላው ጋ አራት እጥፍ ይላል። ስለዚህ ራሴ ሠራሁት። ከአንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት ሰባት እንጀራ ወጣልኝ። ዱቄቱ በኪሎ 3,600 ገደማ ስለሆነ፣ በእኔ ምጣድ አንዱ እንጀራ 500 አለፈ። በቀን 1,600 እበላለሁ ብዬ ወስኜ ነበርና ደነገጥኩ። ዘይቱን ሳሰላ ደግሞ ብሶ አገኘሁት፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ነው፣ እኔ ደግሞ ለሽሮ ዘይት የማፈሰው በማንኪያ አልነበረም።

ወር በወር ወረደልኝ። የከበደኝ ረሃቡ አልነበረም።

«ከሳሽ»

ውሳኔዬን ከባለቤቴ በቀር ለማንም አልተናገርኩም። ሰውነቴ ተናገረ።

እኛ ዘንድ «ወፈርሽ» ሰላምታ ነው። ተመቸሽ፣ ተስማማሽ፣ ቤትሽ ደህና ነው ማለት ነው። «ከሳሽ» ግን ጥያቄ ነው፤ ምን ነካሽ፣ ምን ጎደለሽ፣ ማን በደለሽ? ስድስት ኪሎ ከቀነስኩ በኋላ አንድ ለቅሶ ቤት ውስጥ አንዲት እናት አንጓዬን በሁለት ጣታቸው ከበው ያዙና «ምን ሆነሽ ነው ልጄ? እኔን አትደብቂኝ» አሉኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ። ምን እንዳሰቡ ገባኝ። በ1990ዎቹ፣ መድኃኒቱ እንደ ልብ ባልነበረበት ጊዜ፣ ስንቱ ጎረቤት «ከሳ» ተብሎ ጀምሮ ወዴት እንደሄደ እሳቸውም እኔም አይተናል። እጄን አልነጠቅኳቸውም። ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ።

ቃሉን ሳስበው ይገርመኛል። «ከሳሽ» ጠብቆ ሲነበብ የቀጠነችው ሴት ናት፤ ላልቶ ሲነበብ ፍርድ ቤት ቆሞ የሚከሰው ሰው ነው። ሲጽፉት ግን አንድ ነው። ሰዎች ሲሉኝ ሁለቱንም እሰማ ነበር። ባሌን የከሰስኩ፣ ሰው ቤት የቀረበልኝን ማዕድ ሁሉ የከሰስኩ ያህል ይሰማኝ ጀመር።

ምሳ ሰዓት ሌላው ፈተና ነው። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው። ከጋራ ትሪ ላይ የራስን ድርሻ እንዴት ይቆጥሩታል? የራሴን ሳህን ይዤ ብመጣ «ተለይታ በላች» ነው፤ እሱን አላደርገውም። ስለዚህ ሩብ እንጀራ ከቤቴ መዝኜ እመጣና በፊቴ አኖራታለሁ፣ ወጡን በግምት እይዛለሁ። አንዱ ባልደረባችን «ሒሳብ ሹሟ መጣች፣ ትሪውን ጠብቁ!» ይላል፣ ሁሉም ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። በየቀኑ። ሲያጎርሱኝ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ሁለተኛውን ይደግማሉ፤ በልቤ ደግሞ 40፣ 80 እያልኩ እደምራለሁ። ከፍትፍቱ ፊቱ ይባላል። እኔ የፍትፍቱን ግራም እያሰላሁ ያጎረሰኝን ሰው ፊት ሳላይ የዋጥኩበት ቀን ብዙ ነው፤ ይህን የማወራው ዛሬም እያዘንኩበት ነው።

ጎረቤቴ ደግሞ ጾምን አነሡብኝ። «ረቡዕና ዓርብ እያለልሽ፣ ሁዳዴው 55 ቀን እያለልሽ፣ ይኼ መቁጠር ለማን የሚጾም ጾም ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ዘይት የበዛበት የጾም ወጥ በካሎሪ ቢሰላ ከፍስኩ እንደማያንስ ልነግራቸው እችል ነበር፤ የጠየቁኝ ግን እሱን አልነበረም። እኔም ጾሜን ከክብደቴ ጋር መደባለቅ አልፈልግም። ለማን እንደምጾም አውቃለሁ። የምቆጥረው ለሌላ ነገር ነው፤ ለልጆቼ ዓይኔም እግሬም ደህና ሆኖ እንድቆይላቸው ነው። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር መመለስ ሲገባኝ ዝም አልኩ።

አንድ ሰሞን «ሐኪም አዞኝ ነው» ማለት ሞከርኩ። ይሠራል፤ የሐኪም ትእዛዝ ይከበራል። ግን በሦስተኛው ቀን ሰፈሩ ሁሉ ታማለች አለ። ሽፈራው ቅጠል መጣልኝ፣ አብሽ መጣልኝ፣ አንዷ ጠበል አብረን እንሂድ አለችኝ። ሁሉም ከፍቅር ነው፤ እኔ ግን ሳልታመም በሽተኛ ሆኜ አረፍኩት።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ክፋት የሌለበት ጥያቄ ነው። የስድስት ዓመት ልጄ አንድ ማታ ጠቅልላ አጎረሰችኝና፣ ገና አኝኬ ሳልውጥ «እማዬ፣ ይሄ ስንት ነው?» አለችኝ።

የአስተርዮ ማታ

እንግዲህ ይህን ሁሉ ተሸክሜ ነው መንዝ የወጣሁት። መንገዱ ደህና የሆነበት ሳምንት ነበር፤ ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ በጣርማበር አድርገን ገባን። እናቴ በየዓመቱ ለአስተርዮ ትዘክራለች። ጠላ ትጠምቃለች፣ ድፎ ዳቦ ትደፋለች፣ ዶሮም ከተገኘ ትሠራለች፤ ቄሱም ጎረቤቱም ይመጣል። ልጅ ሆኜ ጀምሮ የማውቀው ነው። ለምን እንደምትዘክር ጠይቄያት አላውቅም፤ የቤታችን ልማድ ይመስለኝ ነበር።

ቀን እንግዳ ሳስተናግድ ዋልኩና አልበላሁም። ማታ ቤቱ ሲረጋጋ ጓዳ ገብቼ ሚዛኗን ከነጠላው ፈታሁ፣ የሞሰብ ክዳን ላይ አስቀመጥኳት፣ ሳህን አድርጌባት ወደ ዜሮ መለስኳት፣ ከገብስ እንጀራው ቆርሼ አኖርኩ። የገብስ እንጀራ ከጤፉ ይወፍራልና ዓይኔን አላመንኩትም፤ መዘንኩት። 118 ግራም ይላል። ቀና ስል እናቴ ጭልፋ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። ወጥ ልትጨምርልኝ ነው የመጣችው። ቁጥሮቹን አየቻቸው። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ተዘጋ። ያን ያለችኝ ያኔ ነው፤ ሳትቆጣ፣ ቀስ ብላ፣ አንድ እንስሳ ጓዳዋ ገብቶ ያገኘች ያህል።

ለደብረ ብርሃን ሰዎች ያዘጋጀሁት መልስ ሁሉ ነበረኝ። አንዱም ከአፌ አልወጣም። «እሺ» ብዬ አነሳኋት። ውስጤ ግን ነደደ። አንቺም? አልኩ በሆዴ።

ባለቤቴና ልጆቼ ባናቸውን ተከናንበው ተኙ። ውጭ ውርጭ ነው። እናቴና እኔ ምድጃው ዳር ቀረን። የቀረውን ጠላ በዋንጫ ቀዳች፣ ግማሹን ጠጣች፣ ዓይኗን ከፍሙ ላይ አላነሳችም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ እሷ የያዘችውን 40 ዓመት የተጠመቀ ብቅል ሁሉ አላወጣውም ነበር።

«በሰባ ሰባት፣ አንቺ ሳትወለጂ፣» አለች፣ «ወንድምሽን አዝዬ ወደ ቆላ ወርጄ ነበር። እህል ከሚሰፈርበት። ልጁን ራቁቱን ያደርጉትና በጨርቅ ሱሪ ከተው ሚዛን ላይ ያንጠለጥሉታል። ቁጥር የሚጽፍ ጎረምሳ አለ። ከቁጥሩ በታች የሆነ ልጅ እጁ ላይ ይታሰርለታል፣ ወተት ይሰጡታል፣ ገንፎ ይሰጡታል። ከቁጥሩ በላይ የሆነው ‹ይኼ ደህና ነው› ይባልና ለእናቱ ይመለሳል።»

ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ።

«ወንድምሽን ደህና ነው አሉኝ። በትንሽ ነገር። ይዤው ተመለስኩ። ደህና አልነበረም፤ እኔ አውቃለሁ፣ አንገቱ አይቆምም። በሳምንቱ ስሄድ ማርያምን ምን ብዬ እንደተሳልኩ ታውቂያለሽ? አቅልይልኝ አልኳት። ልጄን አቅልይልኝ። የማን እናት ናት ልጇ እንዲቀልላት የምትሳል?»

እጁ ላይ አሰሩለት። ወተቱን ሰጡት። ያ ወንድሜ ዛሬ አዲስ አበባ ነው፣ የአራት ልጆች አባት ነው። እናቴ በየዓመቱ ጥር 21 የምትዘክረው ይህን ስለት ነው። እኔ ደግሞ ሚዛን ይዤ የገባሁት በዚያው ዕለት፣ እዚያው ዝክር ላይ ነው።

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። የማስታውሰው አንድ ነገር ሲመታኝ ነው። እኔም ስድስት ወር ሙሉ፣ በየማለዳው ባዶ እግሬን ሚዛን ላይ ስወጣ፣ በልቤ የምለው ቃል ይኸው ነበር። አቅልይልኝ።

ከዚያ ነው ስለ ስኳሩ የነገርኳት። በጣም ዘግይቼ። እዚያው ሰፈር እግራቸውን በስኳር ያጡ ሰው ስላሉ በሽታውን ታውቀዋለች። «ታዲያ ለምን ሳትነግሪኝ?» አለችኝ። «ሐኪም አዞኝ ነው» ብዬ ለባልደረባም ለጎረቤትም፣ ሽፈራው ይዘው ለመጡትም ሁሉ ነግሬአለሁ። ለእሷ አልነገርኳትም፤ እንዳትጨነቅ ብዬ። ሰው አያውቀኝም፣ ሳያውቅ ይፈርድብኛል እያልኩ ስንገበገብ የከረምኩት እኔ፣ ልትሰማኝ የምትችለውን ሰው ራሴ ከደጅ አስቀርቻት ነበር።

ጭብጥ

ጠዋት ስነሣ ለማኅበሯ የሚሆን ሌላ ጠላ ልትጠነስስ ጌሾ እየለካች ነበር። በእፍኟ ትዘግናለች፣ ወደ እንስራው ትጨምራለች፣ ታቆማለች፣ ትንሽ ትመልሳለች። ብቅሉን በጣሳ ትሰፍራለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ዕድሜዬን ሙሉ ሳያት ኖሬ እንደምትቆጥር ልብ አላልኩም። ዳቦው ስንት ቤት እንደሚዳረስ፣ ጎታው እስከ መስከረም ያደርስ እንደሆነ፣ ለዘር ስንት ቁና እንደሚቀር፤ የገበሬ ሚስት ሳትቆጥር አንድ ክረምት አትሻገርም።

«ቆሎስ ስንት ይፈቀድልሻል?» አለችኝ ዞር ሳትል።

ከገበታው ላይ አንድ ጭብጥ ዘግኜ አሳየኋት። እጄን አየች። ከዚያ የራሷን ዘግና ከእጄ አጠገብ አደረገችው። የእሷ ጭብጥ ከእኔ ይበልጣል፤ እጇ ሰፊ ነው። «ይኼማ ለወፍ ነው» አለች፣ ግን ከፍ አላደረገችም። አልጨመረችልኝም። እናቴን ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስንመለስ ጣርማበር ላይ፣ ጉሙ መስኮቱን ሲሸፍነው፣ በየዓመቱ ክፍል ውስጥ የሚያጋጥመኝን ነገር አሰብኩ። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች እኛ ጋ በ91 አካባቢ ይፈላል። በየዓመቱ አንድ ተማሪ እጁን ያወጣና «መምህር፣ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» ይለኛል። አልተበላሸም እለዋለሁ፤ መጽሐፉም አልተሳሳተም፤ የተለካበት ቦታ ነው የተለየው። ይህን ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ። ሚዛኗ ለእኔና ለእናቴ አንድ ነገር እንዲነበብልን የጠበቅኩት ግን እኔው ነኝ።

ከዚያ ወዲህ

አስተያየት የሚሰጥ ሁሉ ከጀርባው ሰባ ሰባት አለ ማለቴ አይደለም። የምሳው ባልደረባችን እንዲሁ ተጫዋች ሰው ነው። ከመንዝ እንደተመለስኩ ለብቻው ጠርቼ «የትሪውን ነገር ተውልኝ፣ ይከፋኛል» አልኩት። ደነገጠ። «አብረሽን ስትስቂ ጊዜ የወደድሽው መስሎኝ» አለ። እውነቱን ነው፣ ስቄ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አላነሣውም። ስንት ወር የተቃጠልኩበት ነገር በግማሽ ደቂቃ አለቀ። ለጎረቤቴም ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት ቡና ጠርቻቸው ስለ ልጆቼና ስለ ዓይኔ ነገርኳቸው። «እንዲያ በይኝ እንጂ!» አሉ፤ ቡናዬን ያለ ስኳር ቀዱልኝ።

አሁንም «ከሳሽ» የሚለኝ አለ። ለአንዳንዱ «አዎ፣ ደህና ነኝ» ብዬ አልፋለሁ፤ ማብራሪያ የሚገባው ሁሉ አይደለም። አንጓዬን ለሚይዝ ሰው ግን ቁጭ ብዬ እነግራለሁ። ከእናቴ በኋላ አንጓ የሚይዝና ከሩቅ የሚጣራ ሰው አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ።

መቁጠሩን አልተውኩም፣ መተውም አልፈልግም። 76 ኪሎ ደርሻለሁ፤ ሚያዝያ ላይ ስመረመር ስኳሬ 103 ነበር። ያ ቁጥር ያስፈልገኛል። ግን ሚዛኗ ገበታ ላይ አትወጣም። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሳይመጡ ለብቻዬ መዝኜ ቁምሳጥን ውስጥ እከታታለሁ። ጉርሻ አልቆጥርም፣ የማንንም። ልጄ አሁን ስታጎርሰኝ ስንት ነው አትለኝም፤ መጀመሪያ ዓይኗን ነው የማየው።

በሁዳዴ አጋማሽ መንገድ ሲከፈት እናቴ በመንደራችን ሰው እጅ አንድ የማዳበሪያ ጆንያ ላከችልኝ። ሌላ ጊዜ ቆሎ የምትልክልኝ እስከ አፉ በተሞላ ከረጢት ነው። አሁን ስፈታው ውስጡ ከአሮጌ ነጠላ የተቀደዱ ትናንሽ ጨርቆች ናቸው፣ እያንዳንዱ የታሰረ፣ እያንዳንዱ ውስጥ አንድ ጭብጥ የገብስ ቆሎ። 30 ቋጠሮ ናቸው። ያመጣው ሰው «አንዱ ለአንድ ቀን ነው በላት ብላኛለች» አለኝ።

ሦስቱን መዘንኩ። አንዱ 41፣ አንዱ 58፣ አንዱ 46 ግራም ነው። ሁሉንም 50 ብዬ ጻፍኳቸው።